የመምህር ታረቀኝ ኮት

"ሞቷል አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?"

"ስንት ጊዜ እንደነገርከኝ አልጠየቅኩህም። ማን አየ ነው ያልኩህ።"

"ኧረ ስንዱ! ለሞት ደግሞ ምስክር ይቆጠራል? አገር ያወቀውን!"

"አገር ዓይን የለውም። ማን አየ?"

ባዩ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። ባዩ አስጎብኚ ነው፤ ማለቴ ቱሪስት በነበረ ጊዜ። እኔ ደግሞ እንግዳ በማያድርበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሥራ ሲጠፋ ትምህርት ይገኛል እንዲሉ፣ ሁለታችንም ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ ፕሮጀክትና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት እንማራለን። ሞቷል የሚለኝ አስተማሪያችንን ነው፤ መምህር ታረቀኝን። ከፍልሰታ ጾም በፊት አንድ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። ኮሌጁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ እያለ፣ ትምህርቱም እንደቆመ፣ ጥቅምት ገባ።

"ከማን ሰማህ?" አልኩት።

"ከጎሹ። ከባለ ባጃጁ። ገድለው ኮቱን ገፈውታል አለኝ። ያቺን ክርኗ ላይ ቆዳ የተለጠፈባትን ቡናማ ኮት።"

"ጎሹ አየ?"

"ጎሹ የት ያየዋል? እሱም ሰምቶ ነው።"

"እንግዲያው የሰማበትን ጆሮ አምጣልኝ።"

ባዩ አባባሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። መምህር ታረቀኝ ክፍል ውስጥ "ሰምቻለሁ" ያለ ተማሪ ካገኘ ጠመኔውን እያሽከረከረ "የሰማህበትን ጆሮ አምጣልኝ" ይል ነበር።

"በሱ አፍ አታናግሪኝ" አለ ባዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አያ ይመር እሑድ ንጋት ወደ ኮን ከተማ ይነሣሉ። ለባለ ጭነት መኪናው ተነግሮታል። እናቱን ሊያረዱ ነው።"

ይህን ሲለኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

አያ ይመርን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ሰው ከዘመዶቹ ርቆ ሲሞት፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ መርዶውን ለቤተሰቡ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከደጅ ይቆማሉ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ገበያ ውስጥ እንኳ ድንገት ወደ አንዲት ሴት ቢጠጉ ሴትዮዋ ዘንቢሏን ትጥላለች። ስለዚህ እሳቸው ሄደው "የሰማነውን ልናጣራ ነው" ማለት አይችሉም፤ ፊታቸው ራሱ መርዶ ነው። ኮን ያለችው እናት ደግሞ ብቻዋን የምትኖር፣ ልብ ሕመም ያለባት ሴት ናት፤ ከአንድ ልጇ ከታረቀኝ በቀር የላትም ይባላል። ይባላል ነው የምለው። እኔ አላየኋትም።

"እስከ እሑድ አንድ ቀን አለኝ" አልኩት ባዩን።

"ለምን?"

"ወሬው የመጣበትን መንገድ ላየው።"

---

መምህር ታረቀኝ መጀመሪያ ክፍል የገባ ዕለት በሩን አልዘጋም። እኛ ውጪ ያለው የባጃጅ ጩኸት ስለረበሸን አንዱ ተነሥቶ ሊዘጋው ሲል "ተወው" አለ። "ገርበብ ብሎ ይቆይ።" ከዚያም ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም በር ዘግቶ አላየሁትም፤ ጀርባውን ለበር ሰጥቶም አላየሁትም። ያቺን ቡናማ ኮት በፀሐይም በዝናብም አያወልቃትም።

ቀጥሎ "አንተ በሉኝ" አለን። አስተማሪን አንተ ማለት ምላሳችን አልለመደም። ባዩ "ነውር አይደለም እንዴ መምህር?" ሲለው "አንቱ የተባለ ሰው አይጠየቅም፤ እኔ ደግሞ እንድትጠይቁኝ እፈልጋለሁ" አለ። ንግግሩ ያምራል። ግን ከየት ነህ ብለን ስንጠይቀው "ከወዲያ" ብቻ አለና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረ። ጠይቁኝ የሚል፣ ሲጠየቅ ግን የማይመልስ ሰው! የዚያን ዕለት ነው የጠረጠርኩት። ዛሬም አልተውኩም።

ማስተማሩን ግን ያውቅበታል። መጽሐፉ ላይ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ቢዘገይ ሁሉን የሚያዘገየው የሥራ መስመር የቱ እንደሆነ ለማግኘት ሙሉ ገጽ ቀስትና ክብ ተሥሎበታል። ማንም አልገባውም። መጽሐፉን ዘጋና "ሠርግ ደግሳችሁ ታውቃላችሁ?" አለን። ሁላችንም ሳቅን። "ድንኳን መትከል፣ በግ መግዛት፣ ሰው መጥራት፣ ጠላ መጥመቅ አለ። በግ ጠፋ ብትሉኝ ጎረቤት አለ፤ ድንኳን ዘገየ ብትሉኝ ሌሊት ይተከላል። ሊቸኮል የማይችለው የትኛው ነው?"

"ጠላው!" ብለው ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

"ለምን?"

"ጥንስስ አይቸኮልማ!" አለች አንዷ። "ብትቸኩል ሙሽራው ቅራሪ ይጠጣል።"

"በቃ" አለ። "ፕሮጀክት ላይ መጀመሪያ ጥንስሱን ፈልጉ።" ይኸው ነበር ትምህርቱ። ፈተና ላይ ያን ጥያቄ የሳተ አልነበረም።

እኔን ደግሞ በሌላ መንገድ ያዘኝ። ግጥም እንደምጽፍ ሰምቶ "አሳዪኝ" አለ። ማንም አላስተማረኝም፤ እንግዳ በሌለባቸው ቀናት እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የለመድኩት። በጣም የምኮራበትን፣ ስለ ጨረቃ የሚለውን አነበብኩለት። አዳምጦ ሲጨርስ "ይቺ ጨረቃ በማን እጅ መጣች?" አለኝ።

"ከሰማይ ነዋ!"

"አይደለም፤ ከሬዲዮ ናት። አንቺ ትናንት ምን አየሽ?"

ተናድጄ "ቁልፍ!" አልኩት። "የሆቴሉን ቁልፎች። ሁሉም መስቀያቸው ላይ ተንጠልጥለው።"

"ታዲያ እነሱ ግጥሙ ውስጥ ለምን የሉም?"

ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። ከዚያ ግን ስለ ቁልፎቹ ጻፍኩ። እስካሁን ከጻፍኳቸው ሁሉ ሳላፍር የማነበው እሱን ብቻ ነው።

---

ነገሩ የከረረው በጧፉ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን አንድ ዕቃ መርጠን ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል ነበር። ያን ዓመት የገና ሰሞን የመጡ ተሳላሚዎች የገዙት ጧፍ ጭሱ ጥቁር ነው፣ ሳይነድ ይጎብጣል እያሉ አማርረው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጧፍ ንጹሕ የንብ ሰም መሆን አለበት። "ማን ነው የሚቀላቅለው?" የሚለው በየደጁ ወሬ ስለነበር ጧፉን መረጥን። መምህር ታረቀኝ እሺ አለ፤ ግን ሦስት ነገር ከለከለን። መንገድ ላይ ምንም አትጻፉ። ፎቶ አታንሡ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ሰሙ ከሚያልፍባቸው እጆች የደረሰውን አንዱን ብቻ ይጠይቅ፣ ከሱ በላይና በታች ያለውን አይጠይቅ።

እስኪ አስቡት። መንገዱን፣ ማን ለማን እንደሚያቀብል፣ ዕቃው የት እንደሚያድር ጠይቁ፤ ግን አትጻፉ፣ አንዳችሁም ሁሉን አትወቁ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ ላይ! ባዩ ከክፍል ስንወጣ ጆሮዬ ላይ "የዚህ ሰውዬ ሥራ ሌላ ነው" አለኝ። እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ተማሪ ልኮ ወሬ የሚያስለቅም ሰው እንደሆነ አሰብኩ፤ ለማን እንደሆነ ብቻ አላወቅኩም።

እኔና ባዩ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ካለች አንዲት መንደር ሄድን። ቀፎ ያላት ሴት ማሩ ከተጨመቀ በኋላ የቀረውን ሰፈፍ እንዴት እንደምትሸጥ ነገረችን፤ አልጻፍንም። ስንመለስ ኬላ ላይ አስቆሙን። ከፊታችን የነበረው ሰው የምንጭ ውኃ ፕሮጀክት ሠራተኛ ነበር፤ ከኪሱ መንደሮችና መንገዶች የተሣሉበት ወረቀት ወጣ። "ማን ላከህ?" አሉት። መልሱን ሳንሰማ ወደ ጎን ወሰዱት። የኛን ኪስ ገለበጡ፤ የኔ ውስጥ መሐረብ፣ የባዩ ውስጥ ቆሎ ነበር። "እለፉ" አሉን። ሰውየው ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደዋለ በኋላ ሰማን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዩ ክፍል እስክሪብቶ እንኳ ሳይዝ መጣ።

"አሁንስ አመንከው?" አልኩት።

"ይበልጥ ጠረጠርኩት እንጂ! ከኪስ ፍተሻ እንዴት እንደሚዳን የት ተማረው?"



ሁሉም ጥንድ ከያለበት ሲመለስ መምህር ታረቀኝ ጠረጴዛው ላይ ጧፎች ደረደረ። ከእያንዳንዱ እጅ ከተገኘ ሰም የተሠሩ ናቸው። በቀትር ለኮሳቸው። ከመንደሯ ሴት የመጣው ጥርት ብሎ ነደደ፤ ትንሽ ተንጣጣ ብቻ። ቀጥሎ ያለው ጭስ ጀመረ። የመጨረሻው፣ ከደጀ ሰላም የተገዛው፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ አንገቱን ደፋ።

"ሌባውን አሳዩኝ" አለ።

ባዩ ተነሥቶ የመጨረሻውን ጠቆመ። "ሻጯ!"

"እሷ ምን ጨመረች?"

ሻጯን የጠየቁት ልጆች "ምንም፤ እንዲወፍር ክሩን ትንሽ አበዛች" አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ተናገርን። መንደር ውስጥ ያለችው ሴት ሚዛን እንዲደፋ ሰፈፉን ሳታጠራ ነው የሸጠችው፤ ትንሽ ነው። ሰብሳቢው በብርድ እንዳይሰነጠቅ ብሎ ሞራ አከለበት፤ ትንሽ ነው። የሰም ነጋዴው አቶ ዓለሙ ሰው ነጭ ሰም ይወዳል ብሎ የፋብሪካ ሻማ አቅልጦ ጨመረበት፤ እሱም ትንሽ ነው። ሁሉም ከሱ በፊት ያለው ንጹሕ የሰጠው መስሎታል።

መምህር ታረቀኝ ጧፉን እፍ ብሎ አጠፋው። "መጨረሻ ላይ የታየ ሁሉ ሌባ አይደለም" አለ። "ሁሉም ትንሽ ትንሽ ጨመረ፤ ማንም አልቀላቀለም።"

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ዓለሙ ኮሌጁ ግቢ ድረስ መጣ። ወሬው እንደምን እንደደረሰው አላውቅም። ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱ ከፊቱ የሚሄድ፤ መምህሩን በተማሪ ፊት "ማን ላከህ?" አለው።

"ማንም።"

"ማንም ያልላከው ሰው የለም!"

"እኔን የላከኝ ጧፉ ነው" አለው። አንዳንዶቻችን ሳቅን። አቶ ዓለሙ አልሳቀም። እኔም ከሳቁ በኋላ ቆም ብዬ አሰብኩበት፤ ጥያቄውን በቀልድ ነው ያለፈው።

ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ሰዎች መምህር ታረቀኝን ሰላም ሲሉ ድምፃቸው ይቀንስ ጀመር። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። እሱም አወቀው። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ጠመኔውን ኮቱ ኪስ ውስጥ እየከተተ፣ "ሳምንት ካልመጣሁ ቀጣዩን ምዕራፍ አንብቡ" አለ። አልመጣም። ምዕራፉን ማንም አላነበበም።

---

በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎሹን ባጃጁ ላይ አገኘሁት።

"ጎሹ፣ ገድለው ኮቱን ገፈውታል ብለሃል?"

"ታዲያ ሰው በሕይወት እያለ ኮቱን ይገፈፋል እንዴ?"

"ማን ነገረህ?"

"እማማ ትርፌ። ጧፍ የምትሸጠዋ። ኮቱን ገፈውታል አለችኝ።"

"ገድለው አለችህ?"

ጎሹ መሪውን እያሻሸ አሰበ። "ገድለው ያልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ግን ያው ነው እኮ፣ እህቴ።"

እማማ ትርፌ ከደጀ ሰላሙ ግድግዳ ሥር ጧፎቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። "ገፈውታል ያልኩት ልጄ፣ ኮቱ በሰው ትከሻ ላይ ታየ ብሎ ዓለሙ ስለነገረኝ ነው" አለች። "ሰው ኮቱን በፈቃዱ አይሰጥም። በዚህ ብርድ? የሰጠ አላየሁም።"

ወደ አቶ ዓለሙ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋተኛ እንዲሆን የፈለግኩት እሱን ነበር። መካከል ላይ ያለው፣ መምህሩን የሚጠላው፣ ሞተ ቢባል የሚደሰተው። ሱቁ ውስጥ ሰም እየመዘነ አገኘሁት።

"መምህር ታረቀኝ ሞተ ብለው ያወሩት እርስዎ ነዎት?"

ሚዛኑን አቆመ። "እኔ? ሞተ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ባለፈው ገበያ አንድ የደጋ ሰው ኮቱን ለብሶ አየሁ። ያችን ቆዳ ያለባትን። አየሁ አልኩ፤ በቃ።" ከዚያም በዓይኑ ከእግሬ እስከ ራሴ ለካኝ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"እንደ መምህርሽ ነው የምትመልሺው" አለ፤ ፊቱን ወደ ሚዛኑ መለሰ።

ተናድጄ ወጣሁ። የተናደድኩት ግን ስላልዋሸ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወረድኩ። ከእህል ተራው እስከ በግ ተራው ሄድኩ፤ ኮቱን ያየሁት ጨው በሚሸጥበት በኩል ነው። ቡናማ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ፣ አንገቱ ላይ የጠመኔ ነጭ። ለባሹ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ገበሬ ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ጠቦታል።

"ወንድሜ፣ ይህን ኮት የት አገኘኸው?"

በሁለት እጁ የኮቱን ደረት ጨመቀ። "አንቺ ምን አገባሽ?"

"የማውቀው ሰው ነበረ።"

"ሌባ ልትይኝ ነው?"

"አላልኩም።"

"በዓይንሽ ብለሻል።" ዞር ብሎ ሊሄድ ሲል ቆመ። ሰው ሲጠረጥረው ታሪኩን ካልተናገረ የማያድር ዓይነት ሰው ነበር። "ስሚ፤ ስሜ ሞላ ነው፣ ከላይ ከደጋው አርሶ አደሮች ነኝ፣ ማንንም ጠይቂ። ክረምት ላይ ዝናብ ሲወርድ ዳገቱ ላይ አገኘሁት። ኮቴን ውሰድና ጋቢህን ስጠኝ አለኝ። እንዴት ያለ ሰው ነው አልኩ። ጋቢዬ እኮ አሮጌ ነው! እምቢ ስለው በግድ ጫነብኝ። እኔ ራሴ ሌባ ነው ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ።"

"ምን ነበረበት?"

"ጠመኔ። ልጆቼ ግድግዳውን ሁሉ ጻፉበትና ጨረሱት።"

"ደህና ነበር? ታሞ ነበር?"

"ምን ይታመማል፤ ከኔ ፈጥኖ ነው የወጣው።"

"ወዴት ሄደ?"

ሞላ ሳቀ። "ጋቢ ከለበሰ ወዲያ ማን ያውቀዋል? ከሌላው ሰው በምን ይለያል?"

---

ወደ እትዬ ዘሀራ ቤት ስደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። እትዬ ዘሀራ የጋሸና ሰው ናት፤ ሱቅ አላት፣ ለመምህር ታረቀኝ ክፍል ያከራየችው እሷ ናት። ለእናቱ በየወሩ ኮን ስኳር የምትልክለትም እሷ ናት። ግቢው ውስጥ በትልቅ ድስት ንፍሮ ተቀቅሏል። ሰው ሳይሞት ንፍሮ!

ሽማግሌዎቹ እሱ ይተኛበት የነበረው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። አልጋው እንደነበረ ነው። ወንበሩ አሁንም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆሟል፤ አያ ይመር ጎኑ ካለው መደብ ላይ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ተቀምጠዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ዘሀራ ከሄደ ጀምሮ አልዘጋችውም። "ወላሂ እሱ እንደተወው ነው የተውኩት" አለችኝ፤ "ድመቷ እንኳ ትገባለች።"

ባዩ ንፍሮ እየቆረጠመ ግድግዳ ላይ ተደግፏል።

"አያ ይመር፣ አንድ ነገር ላስረዳዎት" አልኩ።

ቀስ ብለው ቀና አሉ። "ተናገሪ ልጄ።"

ነገርኳቸው። ባዩ ሞቷል ያለው ከጎሹ ሰምቶ ነው። ጎሹ ገድለው ያለው ከራሱ ነው። እማማ ትርፌ ገፈውታል ያለችው ከራሷ ነው። አቶ ዓለሙ ያየው ኮት ብቻ ነው። ኮቱን ደግሞ መምህሩ ራሱ፣ በእጁ፣ በጋቢ ለውጦ ነው የሰጠው፤ የለበሰውን ሰው ዛሬ ገበያ አነጋግሬዋለሁ።

እትዬ ዘሀራ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "አልሐምዱሊላህ! አለ በሉኛ!"

"አላልኩም፣ እትዬ።"

"ምነው ልጄ! አለ በይ እንጂ! ይህ ሁሉ ንፍሮ..."

"ኮቱን አይቻለሁ። ሰውየውን አላየሁም።"

ባዩ ጭብጥ ንፍሮ አፉ ውስጥ እንዳለ "አላልኳችሁም?" አለ። "ልብሱን መንገድ ላይ የሚቀይር አስተማሪ የት አገር አለ? ከማን ሊደበቅ ነው? ሞቶ ቢሆን ይሻለው ነበር!"

"ዝም በል" አለች እትዬ ዘሀራ። "ደግሞ ትበላለህ።"

"የሰውየው ሞት ቢቀርም ንፍሮው ይቀራል እንዴ?"

አያ ይመር አልሳቁም። አልተቆጡምም።

"ስንዱ" አሉ። ስሜን ማወቃቸውን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። "ማን አየ አልሽ?"

"አዎ፣ አያ ይመር።"

"ይህን ያህል ዘመን በየሰው ደጅ ቆሜ ስንቱን ቀበርኩ። አንዱንም በዓይኔ አላየሁም። ሂድ ያሉኝን አምኜ ነው የሄድኩት።" ድምፃቸው አልተለወጠም። "ማን አየ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድም ቀን። እናቶቹም አልጠየቁኝም፤ ያየሁ መስሏቸው ነው የጮኹት።"

ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ መሬት አዩ። ባዩ ማኘኩን አቆመ።

"ይሄ አስተማሪያችሁ" አሉ፤ "ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

መልስ ፈለግኩ። ደግ ነበር ልላቸው ፈለግኩ፤ ደግነቱን ያየሁት በቀኝ እጁ ብቻ ነው፣ ግራውን አላየሁም። ሰላይ ነበር የሚሉ አሉ ልላቸው ፈለግኩ፤ እሱንም ከባዩ ነው የሰማሁት። ከፊቴ ያለው ባዶው ወንበር ብቻ ነበር።

"ጀርባውን ለበር የማይሰጥ ሰው ነበር" አልኳቸው።

አያ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

"ባዩ፣ ለባለ መኪናው ነገ አንሄድም በለው። መቼ እንደምንሄድም አልቆረጥንም በለው።"

"እሺ፣ አያ ይመር።"

"ስንዱ፣ አንቺ ደግሞ ኮን የሚሄድ ሰው ስታገኚ ሴትዮዋ ስኳሩ ደርሷት እንደሁ አስጠይቂ። ሌላ ምንም አታስጠይቂ፤ ልጇ ደርሶ ከሆነ ራሷ ትናገራለች። እኔ ከዚህ በኋላ ያላየሁትን አልሸከምም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመዋቸው ወጡ። እሳቸው የመጨረሻ ነበሩ። ከደፉ ላይ ቆመው ወደ ወንበሩ አንድ ጊዜ ዞረው አዩ።

"አያ ይመር፣ በሩን ተዉት!" አለች እትዬ ዘሀራ ከአልጋው ጫፍ ተነሥታ። "እሱ እንደተወው..."

"ይመለሳል ያለም አላየም" አሏት። በሩን ወደ ራሳቸው ስበው ዘጉት።